ቅቤ የነሳሁት ሰው

ሰኔ 11

የልኬት ደብተሬን ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩ። ፊት ለፊቱ የሰው ወገብና ትከሻ ነው፤ በዚህ በኩል የኔ ብስጭት ይሁን። ባሌ ደረሳ የስፌት ዕቃ በእጁ አይነካም፣ ስለዚህ አያነበውም።

ጠዋት ለምርመራ ሄደን ነበር። ቀዶ ጥገናው ከተደረገለት ወዲህ ሆዱ ወደ ፊት እየመጣ፣ ስኳሩም እየጨመረ ነው። ዶክተር ነብዩ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር ሐኪም ነው። ደረሳ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይበት ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን ነው። የዘር ፍሬውን ያወጣነው እሱን ለማቋረጥ ነው። ሆርሞኑ ሲቋረጥ ግን ሰውነት ጡንቻ ይጥልና ስብ ያነሳል። የሰባ ሰውነት ኢንሱሊንን እምቢ ይላል፤ እምቢ ባለ ቁጥር ቆሽት ጨምራ ትረጫለች። ኢንሱሊን ደግሞ ስኳር ብቻ አይደለም የሚያስተካክለው፣ ሴልንም እደግ ይለዋል። የካንሰሩም ሴል ይሰማዋል ብለን እንፈራለን።»

«ስለዚህ ይሰራጫል?» አልኩት።

«ሊያግዘው ይችላል ነው የምንለው። ጥናቱ ገና አላለቀም፣ ማር ካንሰር ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ስኳሩን ማውረድ፣ ሆዱን መቀነስ፣ በየቀኑ በእግር መሄድ፣ በእጃችን ያለው ይሄ ነው። ቅቤው፣ ማሩ፣ ለስላሳው ይቅር።»

በር ላይ ደረሳ ክንዴን ያዘኝ። «ሃደ ሜቲ» አለኝ፤ በልጃችን ስም የሜቲ እናት ብሎ ነው የሚጠራኝ። «ምን እንዳወጡልኝ ማንም ሰው ከሰማ እኔ የለሁም። ጠጠር ነው፣ የኩላሊት ጠጠር። ሜቲ ትሙት በይ።»

ያለችን አንድ ልጅ ናት። ሜቲ ትሙት አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ሰኔ 19

ባዩሽ መጣች። የደረሳ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ይህንንም ረስቼው እንደሆነ ብላ በመጣች ቁጥር ታስታውሰኛለች። ጩምቦ ይዛ መጣች፤ ያ ወፍራም የጤፍ ቂጣ፣ በእርጎና በተነጠረ ቅቤ የራሰው። ሽታው በር ላይ ቀድሟት ገባ።

«ኛዱ፣ ኦቦሌሳኮ! ብላ እንጂ ወንድሜ» ብላ ልታጎርሰው ስትል ሳህኑን አነሳሁት። እጇ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

«ሐኪም ከልክሎታል፣ አዴ ባዩሽ።»

«የትኛው ሐኪም ነው ለተቀደደ ሰው ቅቤ የሚከለክል? ቁስል በምን ይሽራል፣ በጎመን?»

አንድ ቃል ይጨምርልኛል ብዬ ደረሳን አየሁት። ጫማውን ያያል። የተጣላ ሰፈር የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ ጭነት መኪና በሚነዳበት ዘመን ጡሩምባው ከጊምቢ እስከ ባኮ የሚታወቅ ሰው፣ ጫማውን ያያል!

ስትወጣ «እኛ ቤት የታመመ ሰው እየከሳ አይድንም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚህ አገር ታማሚ የሚጠየቀው በቅቤና በማር ነው። ባሏ የከሳባት ሴት ደግሞ ሚስት አትባልም።

ሐምሌ 3

ዩኒፎርም። ዩኒፎርም። አሁንም ዩኒፎርም። ትምህርት ቤቱ ቀለም ቀየረና አገር ምድሩ እኔ ላይ መጣ።

የደረሳን ሱሪ አሰፋሁለት። ባለፈው ወርም አስፍቼው ነበር። ኪኒኑን ይውጣል፣ የሰጠሁትን ይበላል። እኔ የሰጠሁት ምግብ ግን ይህን ሆድ አያወጣም።

ሐምሌ 15

ደረሳ የእግር ጉዞ ጀመረ፣ እሰይ! ዝናብም ቢሆን ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። አንድ ሰው እንኳ የሐኪም ቃል ሰማ።

ሲመለስ ጢሙ ያብለጨልጫል። ላብ ነው መሰለኝ። ቅቤ ቅቤ የሚል ላብ። ዳገቱ ነዋ! ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው የባዩሽ ቤት ነው። አልሸሹም ዞር አሉ።

 ፎጣ ሰጠሁት።

ሐምሌ 24

ልፈነዳ ሆነ፣ ተናገርኩት። «አባ ሜቲ፣ ለመሆኑ የምትሄደው በእግርህ ነው በጉሮሮህ?»

«ምን ላድርግ? ሰው ቤት ገብቼ አልቀምስም ልበል? እኔ የሰው ጠብ የማበርደው ማዕድ ቆርሼ ነው። ለምን አትበላም ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

«እውነቱን።»

«ኮርማ ነበርኩ፣ ሰንጋ አደረጉኝ ልበል?» ብሎ ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ። «ሰንጋ ደግሞ የሚኮላሸው እንዲሰባ ነው። የገበሬ ልጅ አይደለሽ እንዴ?»

ዶክተሩ በሆርሞንና በቆሽት ያስረዳኝን እሱ በአንድ በሬ ጨረሰው። ያኔ ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን «ሰንጋ የሚሰባው ለምን እንደሆነም ታውቃለህ» አልኩት። አፌ እንዲህ ነው። ስንተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባች። አባቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ አንገር ጉቲን ሲሰፍር ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ጾሙን ነው። ደረሳ ፕሮቴስታንት ነው፤ ከተጋባን ወዲህ እሁድ እሁድ እሱ ቤተ ክርስቲያን አብሬው እቀመጣለሁ፣ ግን ፍልሰታን፣ ረቡዕንና ዓርብን ገድፌ አላውቅም። አይነካኝም፣ አልነካውም፤ እንዲህ ነው የኖርነው።

ዘንድሮ ሁለት ድስት መጣድ ታከተኝ። ለሁለታችንም ጎመንና ምስር ያለ ቅቤ ሠራሁ። እኔን ያጸድቀኛል፣ ለሱ ስኳሩን ይይዝለታል። ምን ክፋት አለው?

ነሐሴ 8

ገበያ ክር ስመርጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በኦሮምኛ፣ «ጾም አስገብታ ልትገድለው ነው! ጠጠር ያወጡለትን ሰው!» ሲሉ ሰማሁ። የማልሰማ መስያቸው። ዞሬ «አተም ጅርቱ?» አልኳቸው፣ ደህና ናችሁ ወይ ብዬ። አንዷ የያዘችው ቲማቲም ከእጇ ወደቀ። ደስ አለኝ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ባዩሽ ናት ያወራችው። ከእሷ ሌላ ማን ድስቴን ከፍቶ ያያል?

ነሐሴ 12፣ እሁድ



ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቡድኑ መጣ። ኦቦ ሞረዳ ናቸው የመሯቸው፣ ሽማግሌያቸው። ባዩሽ ከኋላ። ማር በጣሳ፣ ቅቤ በቅጠል፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ። ጸለዩ፣ ዘመሩ። ከዚያ ኦቦ ሞረዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አዴ የሺ፣ እናከብርሻለን። የራስሽን መጾም የራስሽ ነው። ወንድማችን ግን የዳነው በጸጋ እንጂ በጎመን አይደለም። የታመመን ሰው ቀንበር አትጫኚበት።»

«ጾም አይደለም ኦቦ ሞረዳ። የሐኪም ትእዛዝ ነው።»

«ለጠጠር?» አለች ባዩሽ። «ለጠጠር ማር ተከልክሎ ያውቃል? የኛ አባት ጠጠሩን በማር ነው ያወረደው።»

ሁሉም እኔን ያዩኛል። እኔ ደረሳን አያለሁ። አንድ ቃል ብቻ፣ አንድ! ካንሰር የምትለዋ ብትወጣው ሁሉም ጣሳውን ይዞ ይመለስ ነበር። ሜቲ ትሙት ያልኩበት አፌ ታስሯል፤ የሱ ምን ያስረዋል?

ኦቦ ሞረዳ ማንኪያውን ሰጡት። ነጻ ሰው መሆኑን ያሳየን፣ አሉ። ደረሳ ማሩን ጨለፈና በላ። ደገመ። ሁለተኛውን ሲውጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። እያጣጣመ አልነበረም። ሰው እልል አለ። በማር እልል!

ጓዳ ገብቼ ሲንገር የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። ጨርቅም ክርም የለውም። እንዲጮህልኝ ብቻ።

ነሐሴ 21

ስኳሩ ሰማይ ነክቷል። ዶክተር ነብዩ ኪኒኑ አልበቃውም፣ መርፌ እንጀምር አለ። ኢንሱሊን።

«አልወጋም!» አለ ደረሳ። «ካንሰሩን እደግ የሚለው እሱ አይደለም ወይ?» ያን ቀን ግድግዳ ሲያይ ሰምቶ ኖሯል።

ዶክተሩ በትዕግሥት አስረዳው። እንዲህ ከፍ ያለ ስኳር ተትቶ አይታደርም፣ ዛሬውኑ ሊገድል ይችላል፣ የሚፈለገውን ያህል ለክቶ መስጠት ለነገ ከሚፈራው ነገር ይቀድማል አለው። ዋናው ግን ሰውነቱ መርፌውን እንዳይፈልግ ማድረግ ነበር፣ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቤት ውስጥ ምን ይበላል?» አለኝ።

«ጎመን» አልኩት። ውሸት የለበትም፤ ቤት ውስጥ ጎመን ነው።

ሆዱ ላይ እኔ ነኝ የምወጋው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ገላውን የሚያስነካኝ ለመርፌ ብቻ ነው።

ነሐሴ 29

ዩኒፎርም። መብራት የለም። ደረሳ ወገቤን አለ። ፍራሹ ነው፣ መሐሉ ጎድጉዷል። ጣውላ አስገባሁበት።

ጳጉሜ 2

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ሱሪው ሰፋው!

ደረሳ «ይወልቃል» ብሎ በእጁ ይዞት መጣ። ሜትሬን ወገቡ ላይ አዞርኩ፣ ሳቅኩ። አጠበብኩለት። ሐምሌ ላይ ያሰፋሁትን ስፌት ስፈታ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የፈታሁት ስፌት የለም። መርፌው ሠራ፣ ጎመኑም ሠራ፣ እኔም የተሰደብኩት ለከንቱ አልሆነ።

የተረፈውን የሱሪ ጨርቅ ባዩሽ ቤት ይዤ ሄጄ ላሳያት አሰብኩ። ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ግን አሰብኩ።

መስከረም 1

ሱሪውን እንደገና አጠበብኩ። ዕንቁጣጣሽ በጠበበ ሱሪ።

ወገቡ አሁንም። ጣውላው ጠንክሮበት ይሆናል፣ አወጣሁት።

መስከረም 4

ሜቲ ለበዓል ከኑኑ ቁምባ መጣች፤ እዚያ አስተማሪ ናት። መንገዱ ስለሚዘጋ ስንት ጊዜ ቀርታ ነው። አባቷን ስታቅፈው እጇን ጀርባው ላይ አቆየችው፣ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ።

ጓዳ ተከትላኝ ገባች። «እማ፣ አባባ ምን ሆኖ ነው?»

«ቀነሰ እንጂ ምን ይሆናል? ዶክተሩ ያለው ይህንን ነው።»

«እየበላ ነው?»

«በልኩ።»

«ከልኩ በታች ነው እማ። ከመጣሁ ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው የጠጣው።»

ተቆጣኋት። ሲበላ ትከሱኛላችሁ፣ ሳይበላ ትከሱኛላችሁ፣ በየት በኩል ልውጣ? አልኳት። ሳህን አጠበች። የታጠበ ሳህን።

መስከረም 9

ባዩሽ ራሷ መጣች፤ በር ላይ ቆማ፣ ግቢ ብላት አልገባም ብላ።

«ምን አድርገሽው ነው? እኔ ቤትም መብላት ተወ። ጩምቦውን አየት አድርጎ ይመልሰዋል።»

እንግዲህ በገዛ አፏ! ክረምቱን ሙሉ ስታበላው እንደከረመች በገዛ አፏ አወጣችው። «ሐኪሙን መስማት ጀምሮ ነው፣ አዴ ባዩሽ» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። እንባ ነበር መሰለኝ። የኔ አልመጣም፣ እኔ አሸንፌያለሁ።

መስከረም 20

ደረሳ ጠዋት ከአልጋ ሊነሳ ሲል እግሮቹ አልታዘዙትም። «ደንዝዞኛል፣ ተኝቼበት ነው» አለ። ሁለታችንም ተኝቶበት ነው ብለን ተቀምጠን ጠበቅን። እስኪረፍድ ጠበቅን። ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

በባጃጅ ወሰድኩት። ዶክተር ነብዩ ጀርባውን በጣቱ ሲጫነው ጮኸ። ደረሳ አይጮህም። ዛሬ ነገ ሳትሉ አዲስ አበባ ውሰዱት፣ ፎቶ ይነሳ አለን።

መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ።

መስከረም 22

ተከፍቷል ይላሉ። ተዘግቷል ይላሉ። መናኸሪያ ተመላልሼ እግሬ አበጠ።

ጥቅምት 2

ከአዲስ አበባ ገባን። ካንሰሩ አከርካሪው ላይ ነው። ዳሌውም ላይ። ለሕመሙ ጨረር ሰጡት፤ ስቃዩ ጋብ ብሏል፣ እግሩ ግን አልተመለሰም።

ወረቀቱን ለዶክተር ነብዩ አሳየሁት። ወገቡ የቀነሰው በኔ ጎመን አይደለም። ካንሰሩ ነው የበላው። እኔ ደግሞ እየሳቅኩ ሱሪ አጠብብ ነበር።

«ማሩ ነው?» አልኩት። «እውነቱን ንገረኝ። ማሩና ቅቤው ነው ያሰራጨው?»

«እናቴ፣ ምናልባት ስናገኘውም አጥንት ውስጥ የማይታይ ዘር ጥሎ ነበር። ስኳሩና ክብደቱ አፋጥኖት ይሆናል፣ ላያፋጥነውም ይችላል። ይህን ያህሉ የማር፣ ይህን ያህሉ የዕጣ ብሎ የሚያካፍል ሐኪም የለም። እናንተም እንዳትካፈሉት።» ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝና «ከእንግዲህ ደስ ያለውን ይብላ፣ መርፌውን እናስተካክለዋለን» አለኝ።

ደስ ያለውን ይብላ! ክረምቱን ሙሉ የተሰደብኩበትን ነገር እንዲህ ቀለል አድርጎ መለሰልኝ። ማርም ካልሆነ፣ ባዩሽም ካልሆነች፣ የምጠላው ሰው አጣሁ።

ጥቅምት 6

ባዩሽ አንጮቴ፣ ያንን እንደ ድንች ያለ ሥር፣ ቀቅላ መጣች። አጥንት የተሰበረ ሰው አንጮቴ ይበላል፣ አጥንት ይጠግናል፤ ወለጋ ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም። «ወገቡን ካመመው አጥንቱ ነው፣ ይሄ ያስነሳዋል» አለች። አልከለከልኳትም። ሳህኑን ራሴ ተቀበልኳት፤ ግራ ገብቷት አየችኝ።

ደረሳ እጇን ያዘ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁሉንም ነገራት። ካንሰሩን፣ ያወጡለትን፣ የማሩን ነገር፣ እኔን በልጃችን ማስማሉን። ከቀዶ ጥገናው ጀምሮ ሊሞትለት የደረሰው ቃል እንዲህ ከአፉ ወጣና ጣሪያው አልወደቀም።

ባዩሽ «ያ ዋቃ!» አለች፣ አምላኳን ጠርታ።  እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ያጎረሰችባቸውን።

ጓዳ መጣች። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ቤት ሲመጣ፣ ሳጎርሰው፣ ታውቂ ነበር?»

«ጢሙ ይሸተኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሜቲ ትሙት ብዬ ነበር።»

«እኔን ለምን አላስማልሽኝም?» አለችኝ። «እኔስ መማል አላውቅም ነበር?»

 ስሟን ጠርቶ አትንገሪ አላለኝም ነበር እኮ፤ ማንም ነው ያለኝ። ማንም ውስጥ እሷን ለመጨመር ግን ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ። ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቅር፣ ይቀመጥ።

ጥቅምት 13

ደረሳ ጠዋት «ሃደ ሜቲ፣ ጩምቦ አማረኝ» አለኝ። ስንት ቀኑ ነው ምግብ በስሙ ከጠራ!

ዳገቱን ወጥቼ ባዩሽ ቤት ሄድኩ። ትዳር ከያዝኩ ወዲህ እሷን ለምኜ አላውቅም። «ወንድምሽ ያንቺን ጩምቦ አማረው። ሐኪሙም ፈቅዶለታል። ሥሪለት» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እኔ አልሠራም።»

«ማሎ፣ እባክሽ፣ አዴ ባዩሽ።»

«እጄ ይቆረጥ! በዚህ እጄ ሁለተኛ አላጎርሰውም» አለች። የተነጠረውን ቅቤ ግን ከነማሰሮው አውጥታ ሰጠችኝ፤ እኔንም አላየችኝም።

ራሴ ሠራሁት። ጤፉን አቡክቼ፣ ቂጣውን ጋግሬ፣ ስትሠራ ከሩቅ እንዳየኋት። ቅቤውን ሳልሰስት አፈሰስኩት። በትራስ ደግፌው አጎረስኩት። አላመጠ፣ አላመጠ፣ በግድ ዋጠ።

«ጨው አነሰው» አለኝ። ከዚያ እንደማስተዛዘን «የባዩሽም አንዳንዴ ያንሰዋል።» ሁለተኛውን ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞት ተኛ። በጣቴ አወጣሁለት።

ሳህኑን ይዤ ሲንገሬ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጣል አልቻልኩም። እየቆረስኩ በላሁት፣ ጨው እንዳነሰው፣ ቅቤው በክርኔ እየወረደ፣ እስኪያልቅ።

ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሳህኑን ሳጥብ ነው።